ሳተርን ጦሳን ሳትሻገር ድረሱ

ከጥምቀት ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ፣ ጥር 2018 ላይ፣ እዚሁ ደሴ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ኮከብ ለማየት ተሰብስበን ነበር። የሚያዘጋጁት ሥነ ፈለክ የሚወዱ የከተማችን ልጆች ናቸው፤ አስተማሪም ተማሪም አለባቸው። ሙያቸው አይደለም፣ መግቢያም አያስከፍሉም። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ደስ ያለኝንም ያስከፋኝንም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አንዱ ልጅ ፊት ወጥቶ "ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ፎቶ እንዳትጠብቁ። ትንሽ ነው፣ ቀለሙም ያን ያህል አይደለም። ግን ራሱ ነው" አለን። ይሄ ንግግር በጣም ነው የተመቸኝ። ሰው ለመሳብ ብሎ ሊያጋንን ይችል ነበር፤ አላደረገውም።

ቴሌስኮፑ አንድ ነው። ዶብሶኒያን የሚባለው ዓይነት፣ መሬት ላይ የሚቀመጥ ወፍራም ቱቦ፣ ውስጡ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው መስታወት አለ። ይህ መስታወት ጨለማ ከለመደ የሰው ዓይን 800 እጥፍ ገደማ ብርሃን ይሰበስባል። ሞተር የለውም። ስለዚህ ምድር ስትዞር የምታዩት ነገር ወደ ዳር እየሸሸ ሁለት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ከዓይናችሁ ይጠፋል፤ አጠገቡ የምትቆመው ልጅ ቱቦውን በጣቷ ገፋ እያደረገች ትመልሰዋለች። ምድር ትዞራለች ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፣ ስትዞር ያየሁት ግን ያን ዕለት ነው።

ጨረቃ ገና ግማሽ አልሞላችም ነበር። ከፊቴ የነበሩት እናት ጎንበስ ብለው ቆዩ፣ ቆዩ፣ ሰልፉ ከኋላ ማጉረምረም ጀመረ። ልጅቷ ግን "አብሽሩ እማማ፣ እስኪታይዎት ይዩ" አለቻቸው። ቀና ሲሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ "ጉድጓዱ እኮ ጥላ አለው!" አሉ። እውነታቸውን ነው። ብርሃኑና ጨለማው የሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይ ከጎን ስለምትመታው የጉድጓዶቹ ጠርዝ ጥላ ይጥላል። ሙሉ ጨረቃ ሲሆን ግን ብርሃኑ ፊት ለፊት ስለሚያርፍ ጥላው ይጠፋና ሁሉም ነገር ልሙጥ ይመስላል። ስለዚህ ሙሉ ጨረቃ ካልሆነች አልሄድም የምትሉ ሰዎች፣ ተሳስታችኋል።

ባለ ቀለበቷ ፕላኔት ሳተርን በዚያ ቴሌስኮፕ የምስር ክክ ታክላለች። ቀለበቷ መሐሏን እንደ መርፌ ወግቶ ያለፈ ቀጭን መስመር ነው። አንዳንዱ ሰው "ቀለበቱ የታለ?" ብሎ ቅር አለው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በ15 ዓመት አንዴ ገደማ ቀለበቱ ጎኑን ወደ እኛ ያዞራል፤ በመጋቢት 2017 ደግሞ በትክክል በጎኑ ሆኖ ነበር። ገና ከዚያ እየተመለሰ ነው፣ ከዓመት ዓመት እየሰፋ ይሄዳል። ልጆቹ ይህን ለእያንዳንዱ ሰው ሳይሰለቻቸው አስረዱ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የተጠራነው 12፡30 ላይ ነው፣ የተጀመረው ግን 1፡45። አንዱ አዘጋጅ አልመጣም፣ አንዷ ቁልፉን ይዛ ሄዳለች፣ ማይክ አልሠራ አለ። ሌላ ፕሮግራም ቢሆን አልናገርም ነበር፣ ስብሰባ ሁሌም ይዘገያል። ሰማይ ግን አይጠብቅም። በጥር ሳተርን ማታ ማታ ወደ ምዕራብ ነች፣ በምዕራብ ደግሞ ጦሳ አለ፣ ተራራው ከአድማሱ ቀድሞ ነው የሚውጣት። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል አለቀ። ከኋላዬ አሥራ አምስት የሚሆን ሰው ነበር፣ ግማሹ ልጆች፣ ሳያዩ ቀሩ። አንዷ ትንሽ ልጅ የአባቷን እጅ እየጎተተች "የት ሄደች?" ስትል አንጀቴን በላችው። ደግሞ የቴሌስኮፑ ማያ ለልጆች ይርቃል። አንድ ዱካ ማምጣት ምን ይከብዳል?

ከዚያ መብራት ጠፋ። ሰፈሩ በሙሉ ድርግም! ሰው አጨበጨበ፣ ምክንያቱም ሰማዩ ባንዴ ሞላ። ጁፒተርን በምሥራቅ በኩል ያገኘናት ያኔ ነው፤ አራቱ ጨረቃዎቿ፣ ጋሊልዮ በ1610 (እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር) ያያቸው ራሳቸው፣ በአንድ መስመር ተደርድረው። ቀጥሎ ኦሪዮን የሚባለው የከዋክብት ስብስብ፣ ያ መጽሐፈ ኢዮብ ላይ ስሙ ያለው። ቀበቶው ከሚባሉት ሦስት ከዋክብት ዝቅ ብሎ ጭስ የመሰለ ደመና አለ፣ ከዋክብት አሁንም የሚወለዱበት። ብርሃኑ ከዚያ ከተነሣ ከ1,300 ዓመት በላይ ሆኖታል ሲሉን፣ ያኔ እኮ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ገና አልታነጹም ብዬ አሰብኩ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጋቢ ያዙ፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ። የስልካችሁን መብራት አጥፉ፣ ዓይን ጨለማ ለመልመድ 20 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አንድ ሰው ስልኩን ሲያበራ የሁሉም ሰው ዓይን እንደ አዲስ ይጀምራል።

ለአዘጋጆቹም አንድ ነገር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ፀሐይ ላሊበላ ላይ ቀለበት ስትሆን እኛ ደሴ ላይ በከፊል ነበር ያየነው፣ እኔም በተገኘው ጥቁር መስታወት አይቼ ዓይኔ ሲቆጠቁጠኝ አመሸ። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ደግሞ ሌላ የፀሐይ ግርዶሽ አለ፤ ለእኛ በከፊል ነው፣ ክረምትም ስለሆነ ደመናው ከፈቀደ ነው። ለፀሐይ ግርዶሽ ማያ የተሠራውን ትክክለኛ መነጽር ከአሁኑ ብታፈላልጉልን፣ ገንዘብ ማዋጣት ካስፈለገ እኔ አለሁ። ያን ቀን ግን በሰዓቱ ጀምሩ።