በልቅ ተጫዋች ፊት፦ ማስመሰሉን መቀጠል ወይስ ጥሩ ካርታ መጠበቅ?

በፖከር ባዶ እጅን ጠንካራ አስመስሎ መወራረድ የሚያዋጣው ባላጋራው ካርታውን ሲጥል ብቻ ነው። መሃል ላይ 100 ቺፕ (የመወራረጃ ጠጠር) ተከማችቶ ሳለ 50 ያስያዘ ሰው እንዳይከስር፣ ባላጋራው ቢያንስ ከ3 ጊዜ 1ዱን መሸሽ (ካርታውን መጣል) አለበት፤ ያስያዘው 100 ከሆነ ደግሞ ግማሹን ጊዜ። ልቅ ተጫዋች፣ ማለትም ብዙ እጅ የሚገባ ሰው፣ ያገኘውን ጥንድ ሁሉ ይዞ እስከ መጨረሻው የሚከተል (ውርርዱን እኩል የሚከፍል) ከሆነ ግን ይህን ያህል አይሸሽም፤ ስለዚህ በመጨረሻው ካርታ ላይ እሱን ለማስፈራራት መሞከር ቺፕን በፈቃድ ማስረከብ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥሩ ካርታ መጠበቁ የባላጋራውን ድክመት ወደ ገቢ ይለውጠዋል። ገበታው ላይ፣ ማለትም ሁሉም በሚጋሩት ክፍት ካርታ፣ 10፣ 7 እና 2 ተዘርግተው እኔ 10 ብይዝ፣ እሱ በ7 ጥንዱ ሦስቱንም ዙር ሊከፍለኝ ይችላል፤ ስለዚህ ከወትሮው ከፍ አድርጌ አስይዛለሁ።

ሆኖም ማስመሰል ሁልጊዜ ከንቱ አይደለም። አራት ተመሳሳይ ምልክት ይዞ አምስተኛውን የሚጠብቅ ሰው፣ ሁለት ካርታ ሲቀር 35 በመቶ ያህል የመሙላት ዕድል ስላለው፣ ባላጋራው ቢከተለውም ተስፋ አለው። ደግሞም ብዙ እጅ ገብቶ፣ ገበታው ካልተስማማው ወዲያው የሚጥል ልቅ ተጫዋች አለ፤ እሱ ላይ አንድ የመጀመሪያ ውርርድ መሞከር ተገቢ ነው፣ ከተከተለ ግን መቆም ይሻላል።