ለኬሚስትሪ ክፍል የሞለኪውል መገጣጠሚያ፦ ከሐዋሳ የተገዛ ዕቃ ግምገማ

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ ካለ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ለኬሚስትሪ ክፍላችን የገዛነውን ይህን የሞለኪውል መገጣጠሚያ (አቶሞችን የሚወክሉ ኳሶችና እነሱን የሚያያይዙ ዘንጎች ያሉት ዕቃ)፣ ኮቫለንት ቦንድን፣ ማለትም አቶሞች ኤሌክትሮኖችን በጋራ በመያዝ የሚፈጥሩትን ትስስር፣ ለማስተማር ከሰሌዳ ሥዕል እጅግ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ጥቁሩ የካርቦን ኳስ አራት ቀዳዳዎች ስላሉት፣ ተማሪው አራት ነጫጭ የሃይድሮጅን ኳሶችን ሲያያይዝበት፣ ሚቴን በሰሌዳ ላይ እንደሚሣለው ጠፍጣፋ መስቀል ሳይሆን በቦንዶቹ መካከል 109.5 ዲግሪ ያለው ባለአራት ገጽ ቅርጽ መሆኑን በእጁ ዳስሶ ይረዳል። እያንዳንዱ ዘንግ ሁለት አቶሞች በጋራ የሚይዟቸውን ሁለት ኤሌክትሮኖች ይወክላል፤ በተጣጣፊዎቹ ዘንጎች ደግሞ የካርቦን ዳይኦክሳይድን ድርብ ቦንዶች መሥራት ይቻላል።

ዋናው ጉድለቱ በሞለኪውሎች መካከል ያለውን ነገር አለማሳየቱ ነው። ሚቴን ከዜሮ በታች 161 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የሚፈላው በካርቦንና በሃይድሮጅን መካከል ያለው ቦንድ ደካማ ስለሆነ አይደለም፤ ቦንዱ ጠንካራ ነው፣ በፍላት ጊዜ የሚሸነፉት ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የሚሳሳቡባቸው ደካማ ኃይሎች ናቸው። ውሃም ቢተን ሞለኪውሉ አይፈርስም። መምህሩ ይህን አጥብቆ ካላስረዳ፣ ዘንጎቹን የሚነቅል ተማሪ ማፍላት ማለት ይህ ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል፤ በፈተና ወረቀቶች ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተትም ይኸው ነው፣ በእጅጉም ያሳስበኛል።

እያንዳንዱ ካርቦን ከአራት ካርቦኖች ጋር የተሳሰረበትን፣ ለጥንካሬውም ምክንያት የሆነውን የአልማዝን መዋቅር በበቂ ስፋት ለመሥራት ጥቁሮቹ ኳሶች ያንሳሉ። መደብሩ ለብቻቸው ስለሚሸጣቸው፣ ለትምህርት ቤት የሚገዛ ሰው ከመጀመሪያው ቢጨምርባቸው እመክራለሁ።