ቪትዛችሁን «ቡጊ እናደርግላችኋለን» ለሚሉ እንዳትሰጡ

ከቃሊቲ ወጥቶ ወደ ገላን በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ጋራዥ ሰሞኑን በቲክቶክ ብዙ ልጆችን እያማለለ ነው። ቪትዝ ወይም ኮሮላ ትሰጡታላችሁ። ጣራውን፣ በሩን፣ ኮፈኑን፣ መስታወቱን ነቃቅሎ ብረቱ ከውጭ የሚታይ «ቡጊ» አድርጎ ይመልስላችኋል። ዋጋውን አትጠይቁኝ፣ እንደ ሰዉ አለባበስ ይለያያል። የአክስቴ ልጅ ቀብድ ሊከፍል ሲል አብሬው ሄጄ ነበር፣ ተሠርቶ ያለቀውን አንዱን ከስር ገብቼ አየሁት። አትሞክሩት።

ሐሳቡ ራሱ መጥፎ አይደለም። መኪና ሲቀል ይፈጥናል፣ ፍሬንም ቶሎ ይይዛል። በተለይ እኛ ጋ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ክብደት መቀነስ ይህን ይክሳል። ጋራዡም የሚነግራችሁ ይህንኑ ነው፣ እውነት ነው።

የማይነግራችሁ ቀጥሎ ያለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣው ሎተስ ሰቨን፣ ጣራ አልባው ቀላል የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ከመጀመሪያው የራሱ የቱቦ ሻንሲ (መኪናውን የሚሸከም የብረት አጽም) ነበረው፣ ከሌላ መኪና ተቆርጦ አልወጣም። ቡጊን ያስወደደው የ1964ቱ ሜየርስ ማንክስም የታወቀው በቮልስ ወለል ላይ ተሠርቶ ነው። ቮልስ ደግሞ አካሉ በቡሎን የታሰረ ነው። ቡሎኑን ፈትታችሁ ብታነሱት ወለሉ ከነሞተሩና ከነጎማው ለብቻው ቁጭ ይላል።

ቪትዝ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የለውም። እንደ መሶብ በሉት፣ ውስጡ ምሰሶ የለም፣ ስፌቱ ራሱ ነው የሚሸከመው። ጣራውንና የበሩን ቋሚ በግራይንደር ስትቆርጡት ወለሉ መሃሉ ላይ መላላት ይጀምራል። ያንን የሚተካ በደንብ የተሰላ ብረት ያስፈልጋል። እኔ ያየሁት ግን ቱቦላሬ ነው፣ ያው ለግቢ በርና ለመስኮት የምንገዛው። ብየዳው ላይ ስቱኮ ለጥፈው ጥቁር ቀለም ቀብተውታል። በቁልፌ ጫር ሳደርገው ስቱኮው ተፈነቀለ፣ ከስሩ ሁለቱ ብረቶች በቅጡ አልተያያዙም፣ የቁልፉ ጫፍ በመሃላቸው ሰተት ብሎ ገባ። የደህንነት ቀበቶው የታሰረው እዚያው ቱቦላሬ ላይ ነው። በያጁን ብጠይቀው «እሱ ለዲዛይን ነው» አለኝ። ቀዳዳ ለዲዛይን!

ሞላውንም አልነኩትም። ሞላው የተሠራው ለሙሉው መኪና ክብደት ስለሆነ አሁን ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ይዘላል፣ ኋላው ስለቀለለም በኃይል ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማ ቀድሞ ሊቆልፍ ይችላል። በዚህ ነው እንግዲህ የእንጦጦን ቁልቁለት ውረዱ የሚሏችሁ።

ዋናው ንግድ ግን ሌላ ነው። የተነቀለው ዕቃ የት ይሄዳል? አራት በር፣ ኮፈን፣ ፓራውልት፣ ፓራፋንጎ፣ መብራት፣ ክሩስኮት፣ መስታወት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ደህና የቪትዝ በር መለዋወጫ ገበያው ሶማሌ ተራ ቢወርድ ውሎ አያድርም። ውል የሚሉትን ወረቀት አንብቤዋለሁ፣ ስለ ተነቀለው ዕቃ አንድ ቃል የለውም። ስንጠይቅ «ቁርጥራጭ ነው፣ እኛ እናስወግደዋለን» አሉን። ማለትም ለማረዱም ትከፍላላችሁ፣ ሥጋውንም እነሱ ይሸጡታል።

ሊብሬውስ? ለቦሎ ምርመራ ስትሄዱ ሻንሲ ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። በብዙ ቶዮታ ቁጥሩ የተመታው ከሞተሩ ጀርባ ያለው ላሜራ ላይ ወይም ወንበር ስር ወለሉ ላይ ነው፣ እነዚህ ደግሞ ግራይንደር ከሚያልፍባቸው ቦታዎች ብዙም አይርቁም። ቁጥሩ ቢተርፍ እንኳ ሊብሬው የሚለው አውቶሞቢል ነው፣ እናንተ ይዛችሁ የቀረባችሁት ጣራና በር የሌለው ብረት ነው። «እኛ እንጨርስላችኋለን» ይላሉ። በጽሑፍ ስጡን ስንላቸው ወሬ ቀየሩ።

ቡጊ ካማራችሁ አሮጌ ቮልስ ፈልጉ፣ ወለሉ በዝገት እንዳልተበላ በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ እዩ፣ ከመነካቱም በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄዳችሁ ለውጡ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ። መኪናውን አስቀድሞ የሰጠ ካለ ዛሬውኑ ይሂድ፣ የተነቀለውን ዕቃ አንድ በአንድ በወረቀት አስፍሮ ያስፈርማቸው፣ በሮቹም ገና እዚያው ካሉ ጭኖ ይምጣ።