ለእናቴ የአሜሪካ ስንቅ ላዘጋጁልን የባልትና ባለሙያ ምስጋና

ሰላም የጅማ ልጆች! ውጭ አገር ቤተሰብ ኖሮት ስንቅ የሚያስይዝ ሰው ካለ ይህቺን ያንብብልኝ።

እህቴ አሜሪካ ወለደች፤ እናታችንም አራስ ልትጠይቅና ልታግዛት ተነሳች። ቪዛው ወጣ፣ ትኬቱ ተቆረጠ፣ የቀረው ስንቁ ብቻ ነበር። "ብቻ" ስል እናንተም ታውቁታላችሁ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ የገንፎ ዱቄት፣ ድርቆሽ፣ ቡና... ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ አሰርተን በሰው የላክነው በርበሬ ሻንጣ ውስጥ ፈንድቶ የሰውየውን ሸሚዞች በሙሉ አቅልቶ ነው የደረሰው። እስከ ዛሬ ደህና አድርጎ ሰላም አይለንም።

ዘንድሮ ግን ጎረቤታችን ጠቁማን ሂርማታ መርካቶ አካባቢ ቤታቸው ውስጥ ባልትና የሚሰሩ እናት ዘንድ ሄድን። ስሜ አይጻፍ ስላሉ እትዬ እያልኩ ልቀጥል።

እትዬ መጀመሪያ የጠየቁን ስንት ኪሎ እንደምንፈልግ አይደለም። "የሚሄዱት የት አገር ነው? ትኬቱ ስንት ሻንጣ ይፈቅዳል?" አሉ። አሜሪካ፣ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ አልናቸው። ከዚያ የእህቴን ዝርዝር ተቀብለው መሰረዝ ጀመሩ። ቋንጣው ወጣ፤ አሜሪካኖች ከእኛ አገር የሚሄድ ስጋ ቢደርቅም አያስገቡም። እናቴ ከጓሮ ቆርጣ ልትይዝ ያሰበችው ጤና አዳምም ወጣ፤ እርጥብ ቅጠል ነዋ። ቅቤውን ደግሞ "ቅቤ እዚያም ሞልቷል፣ የሚቸግራት ቅመሙ ነው" ብለው ኮሰረት፣ ኮረሪማና አብሽ ለማንጠሪያ ለየብቻ አዘጋጁላት። ልብ በሉ፣ ቋንጣውን ዝም ብለው ቢሰሩልን ኖሮ ከሁሉም የበለጠ የሚከፈላቸው በእሱ ነበር። ይህን ጽሁፍ የምጽፈውም በዋናነት ለዚህ ነው።

በርበሬው ላይ ያላቸው ትዕግስት ግን ለብቻው የሚነገር ነው። ጅማ ላይ በርበሬ ማድረቅ ምን እንደሚመስል እዚህ ያደገ ያውቀዋል፤ ፀሐይ ናት ብለህ ስታሰጣ ዝናቡ ይደርሳል። እሳቸው ድልዙን ሸራ ላይ አስጥተው ደመና ባዩ ቁጥር ይሰበስባሉ፣ እንደገና ያሰጣሉ። ቆንጠር አድርገው በጣታቸው ሲሰብሩት ቀጭ ካላለ ወፍጮ ቤት አይሄድም። ተፈጭቶ ሲመጣም ትኩሱን አያሽጉም፣ ሰፌድ ላይ በትነው ያሳድሩታል። ለምን ብላቸው "ትኩስ ዱቄት ላስቲክ ውስጥ ያልበዋል፣ ያላበው ደግሞ ይሻግታል" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ነው ወፍራም ላስቲክ፣ አየሩን ጨምቀው ማሸግ፣ በላዩ ሌላ ላስቲክ። በሁለቱ ላስቲኮች መሃል ምንነቱ በእንግሊዝኛ የታተመ ብጣሽ ወረቀት ይገባል፤ ፈታሹ ቀዩን ዱቄት ሲያይ ግራ እንዳይገባው።

እናቴ "ሻንጣው ቢጠፋስ" ብላ ሽሮውን በእጇ ልትይዝ ፈልጋ ነበር። እትዬ እንቢ አሉ። ወደ አሜሪካ በሚሄድ አውሮፕላን ከ350 ሚሊ ሊትር በላይ ዱቄት፣ ማለት አንድ ጣሳ ለስላሳ የሚያህል፣ በእጅ ሻንጣ ከተያዘ ተለይቶ ይፈተሻል፤ ምንነቱ ካልተረጋገጠ ይቀራል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ደንብ ነው፣ እኔ ግን ከእሳቸው ነው የሰማሁት። በእጇ የያዘችው የደም ግፊት መድኃኒቷን ነው፣ ከነካርቶኑና ከነማዘዣው።

ሻንጣዎቹን ራሳቸው መዝነው 22 ኪሎ ላይ አቆሙ። አንድ ኪሎ ይቀረናል ስንል "የቦሌ ሚዛን ከእኔ ሚዛን ጋር አልተማከረም" ብለው አሳቁን። እውነታቸውን ነው፤ ቦሌ ወለል ላይ ሻንጣ ዘርግቶ ሽሮ የሚቀንስ ስንቱን አይተናል።

መጨረሻ ላይ ለእናቴ የነገሯት ይህን ነው፦ "ምግብ ይዘዋል ወይ ሲሉዎት አዎ ይበሉ፣ እንዳይደብቁ።" ሳያስታውቁ ይዞ መገኘት እስከ 10 ሺህ ዶላር ሊያስቀጣ ይችላል። እናቴም አዎ አለች፣ ከፍተው ወረቀቶቹን አነበቡ፣ አሳለፏት። አንድም ላስቲክ አልተቀደደም። አራሷም ገንፎዋን እየበላች ነው።

እንግዲህ ያልተመቸኝንም ልናገር። ዋጋቸው ከገበያው ጠንከር ይላል። ስልክ ቶሎ አያነሱም። "ነገ በረራ አለኝ" ለሚል ሰው ደግሞ በፍጹም አይሰሩም፤ በክረምት ቢያንስ ከወር በፊት ማዘዝ አለባችሁ። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ትኬታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ሳያዩ ሥራ አይጀምሩም።