ታይገር ለማየት ሕንድ ከሄዳችሁ አይቀር፦ ራንታምቦር፣ ባንዳቭጋር፣ ካንሃ ወይስ ኮርቤት?

መጀመሪያ የስሙን ነገር እንጨርስ። እኛ «ነብር» የምንለው ነጠብጣብ ያለበትን፣ ዛፍ ላይ የሚወጣውን አውሬ ነው። ባለ መስመሩ አፍሪካ ውስጥ በዱር ስለሌለ አያቶቻችን የራሱን ስም አላወጡለትም፤ በኋላ መጽሐፉም ቴሌቪዥኑም እሱንም ነብር አለው። ሕንድ ጫካ ውስጥ ግን ሁለቱም አሉ። እንዳይምታታብን ባለ መስመሩን ታይገር ልበለው።

ከአዲስ አበባ ዴልሂ የሚበረው ሐበሻ አብዛኛው ለጉብኝት አይሄድም፤ ለሕክምና፣ ለትምህርት ወይም ለንግድ ነው። እኔም መጀመሪያ የሄድኩት አስታማሚ ሆኜ ነው። ታማሚያችን ተሻለው፣ ቀጣዩ ቀጠሮ ለሳምንት ተላለፈ፣ ሌላ ዘመድ መጥቶ ተካኝና አራት ቀን ነፃ ሆንኩ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ ሁሉም ፓርክ «ምርጡ» ሆኖ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሁለቴ ተመልሼ አራቱንም አይቻቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ቢነግሩኝ ብዬ የምመኘውን ነው የምጽፈው።

በቁጥር አትምረጡ

እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ቆጠራ ሕንድ ውስጥ ቢያንስ 3,167 ታይገሮች ተገኝተዋል። በ2006 ግምቱ 1,411 ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም የፈረንጅ ናቸው።) በ2022ቱ ቆጠራ ኮርቤት 260፣ ባንዳቭጋር 135፣ ካንሃ 105 ሲኖራቸው ራንታምቦር ከሦስቱም ያንሳል። ይህን ያየ ሰው በቀጥታ ኮርቤት ይሄዳል። ስህተቱ እዚህ ላይ ነው። የኮርቤት ሣር ዝሆን ይሸፍናል፤ ጫካው ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ታይገሩ ከመንገዱ አሥር እርምጃ ላይ ተኝቶ ሳታዩት ታልፋላችሁ። ራንታምቦር ደግሞ ደረቅ፣ ዛፉ የሳሳ፣ ውኃው በጥቂት ሐይቆች ዙሪያ የተሰበሰበ ስለሆነ ታይገሩ ሲጠማው የት እንደሚመጣ ይታወቃል። ስለዚህ ስንት ታይገር አለ ከማለት በፊት አገሩ ገላጣ ነው ወይ ብሎ መጠየቅ ይበልጣል።

ራንታምቦር፦ ጊዜ ለሌለው

ከዴልሂ በባቡር ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ሳዋይ ማዶፑር ጣቢያ ስትወርዱ ፓርኩ ቅርብ ነው። አውሮፕላን የለ፣ ረጅም የመኪና መንገድ የለ። ለአስታማሚና ለተማሪ ከዚህ የሚሻል የለም።

ቦታው የጃይፑር ነገሥታት የአደን ሥፍራ ነበር። በ1973 ሕንድ የታይገር ጥበቃ ፕሮጀክቷን ስትጀምር ከመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ጥብቅ ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። ገደሉ ላይ ያለው ምሽግ የዩኔስኮ ቅርስ ነው (2013)፤ ውስጡ የጋኔሽ (የዝሆን ራስ ያለው የሂንዱ አምላክ) ቤተ መቅደስ ስላለ ተሳላሚው በየቀኑ ይጎርፋል። ከምሽጉ ሥር ሐይቅ፣ በሐይቁ ዳር የፈራረሰ ግንብ፣ በግንቡ ደጃፍ ታይገር። የፋሲል ግቢ አንበሶች ከቤታቸው ወጥተው በግንቦቹ መሃል ሲንጎራደዱ አስቡት። ከአዞ ጋር ስትታገል ተቀርጻ ዓለም ያወቃት ማችሊ የምትባለው ሴት ታይገር የዚህ ልጅ ነበረች፤ በ2016 አርጅታ ሞተች።

ጉድለቱ ግርግር ነው። አንዷ ታይገር ብቅ ስትል መኪናው ሁሉ ይሰበሰብና መርካቶ ይሆናል፤ ሹፌሮች ይጯጯኻሉ፣ ቱሪስቱ ይቆማል፣ ከፊታችሁ ያለው ሰው ጀርባ ነው የሚታያችሁ። ሌላው የዞኑ ጉዳይ ነው። ፓርኩ አሥር ዞን አለው፤ ከ1 እስከ 5 ያለው የድሮው ዋና ክፍል ነው፣ ሐይቆቹ ያሉት 3 እና 4 ውስጥ ነው። «ሳፋሪ አለ» (ሳፋሪ በመኪና ጫካ ገብቶ የሚደረግ የግማሽ ቀን ጉብኝት ነው) ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው የትኛው ዞን እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጥ በሉት።

መኪናውንም እንዲሁ። ሁለት ዓይነት ነው፦ ስድስት ሰው የሚይዝ ክፍት ጂፕ እና ሃያ ሰው የሚይዝ፣ ጣሪያ የሌለው፣ እኛ አገር አይሱዙ የምንለውን የሚመስል ካንተር። አንድ ደላላ የጂፕ ዋጋ ተቀብሎኝ ጠዋት ካንተር ላይ አወጣኝ። ሃያ ሰው መሃል ሆኖ ዝምታ አይገኝም፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ የሚያዋጣው ዝምታ ነው።

ባንዳቭጋር፦ ታይገር ብቻ ለሚል

መሃል ሕንድ፣ ማድያ ፕራዴሽ የሚባለው ግዛት ውስጥ ነው። ወይ እስከ ጃባልፑር በአውሮፕላን፣ ከዚያ አራት ሰዓት ገደማ በመኪና፤ ወይ ሌሊቱን ሙሉ በባቡር እስከ ኡማሪያ። ድካሙ ግን ይካሳል። ታላ የሚባለው ዞን ጠባብ ሆኖ ታይገር የበዛበት ነው። በ1951 የሬዋው መሐራጃ እዚሁ ማድያ ፕራዴሽ ውስጥ ካለ ጫካ ሞሃን የተባለውን ነጭ ታይገር ገና ግልገል ሳለ ያዘ፤ ዛሬ በየአገሩ የእንስሳት ማቆያ ያሉት ነጭ ታይገሮች አብዛኞቹ ዘራቸው ወደ እሱ ይቆጠራል።

አራት ሳፋሪ ወጥቼ በሦስቱ አየሁ። በራንታምቦር ከአራት በሁለቱ፣ በካንሃ ከአምስት አንዴ፣ እሷንም ለአንድ ደቂቃ። የኮርቤቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ። የአንድ ሰው ዕድል ማስረጃ አይሆንም፤ ነገር ግን ያገኘኋቸው አስጎብኚዎችም ደረጃውን ሲያወጡ ከዚህ ብዙ አይርቁም። ባንዳቭጋር ታይገሩ ያልወጣ ቀን ግን ቀኑ ይረዝማል።

ካንሃ፦ ጫካውን ለሚወድ

የእኔ ምርጫ ይሄ ነው፤ አድልዎዬን ከወዲሁ እወቁልኝ። ካንሃም ማድያ ፕራዴሽ ነው፣ መግቢያው ያው ጃባልፑር። ሳል የሚባለው ዛፍ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ በመሃሉ ሰፊ ሜዳ ይከፈታል፣ ጠዋት ጉም ሜዳው ላይ ይተኛል። ባራሲንጋ የተባለው አጋዘን (ስሙ «አሥራ ሁለት ቀንድ» ማለት ነው) በ1970 ወደ 66 ወርዶ ሊጠፋ ነበር፤ እዚሁ ካንሃ ውስጥ ተጠብቆ ነው ያንሰራራው። ዋሊያ አይቤክስን ያየ ሰው ነገሩ ይገባዋል።

ታይገር ፍለጋ በዓይን ብቻ እንዳልሆነ የተማርኩትም እዚያ ነው። አስጎብኚው ሞተሩን አስጠፋ። ጸጥ አለ። ከዛፍ ላይ ላንጉር የሚሉት ጦጣ (ጭራው ጉሬዛን ያስታውሳል) እንደ ሳል ያለ ድምፅ አወጣ፣ ቀጥሎ ነጠብጣባማው አጋዘን ጮኸ፣ ከዚያ ሳምባር የሚባለው ትልቁ አጋዘን። «ሳምባር አይዋሽም» አለኝ በሹክሹክታ። ላንጉር ነብር አይቶም፣ በከንቱ ደንግጦም ሊጮህ ይችላል፤ ሳምባር ግን ሳያይ አይጮኽም ባይ ነው። ሃያ ደቂቃ ጠበቅን። ታይገሯ መንገዱን አቋርጣ ገባች፤ ዞራም አላየችን። አንድ ደቂቃ ያልኳችሁ ይህች ናት።

ቢያንስ ሦስት ሌሊት ከሌላችሁ ካንሃ አትሂዱ፤ ሁለት ቀኑን መንገድ ይበላዋል።

ኮርቤት፦ ልጆች ላሉት

በ1936 የተከለለ፣ የሕንድ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከዴልሂ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በመኪና አምስት ስድስት ሰዓት። ሦስት ሳፋሪ ወጥቼ የታይገር ዱካ እንጂ ታይገር አላየሁም፤ ግን አልተቆጨሁም። የዝሆን መንጋ ግልገሎቹን መሃል አድርጎ የራምጋንጋን ወንዝ ሲሻገር አይቻለሁ፣ አፈ ቀጭኑን አዞ ጋሪያልን አይቻለሁ። ልጅ ይዞ ለሚሄድ፣ በየደቂቃው የሚታይ ነገር ያለበት ይሻላል። ዲካላ ዞን ውስጥ ባለው የመንግሥት ማረፊያ ማደር ከተቻለ ሌላ ዓለም ነው፤ ቦታው ግን ከወራት በፊት ይያዛል።

ከመክፈላችሁ በፊት

ፓኬጅ ስትገዙ ሌሊት አትቁጠሩ፣ ሳፋሪ ቁጠሩ። «ሦስት ቀን ሁለት ሌሊት» የሚለው ብዙ ጊዜ ውስጡ ሁለት ሳፋሪ ብቻ ነው። ከአራት በታች አልመክርም፤ ገንዘብ ካጠረ ሎጁን አሳንሱ። በማድያ ፕራዴሽ ፓርኮች ረቡዕ ከሰዓት ሳፋሪ የለም፤ ይህን ሳያውቁ ግማሽ ቀን ሎጅ ተቀምጦ ማሳለፍ አለ። ዋጋው ሲነገራችሁ የወንበር ነው ወይስ የሙሉ ጂፕ፣ የመግቢያ ፈቃዱንና የአስጎብኚውን ክፍያ ይጨምራል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የውጭ ዜጋ በአብዛኛው ከሕንዳዊው በላይ ይከፍላል። ፈቃዱ በፓስፖርት ቁጥር ስለሚወጣ ዋናውን ፓስፖርት በር ላይ ማሳየት ግድ ነው፤ ሆስፒታል ወይም ሆቴል አስቀምጣችሁት እንዳትሄዱ። ከኢትዮጵያ ለሚገባ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዱም ከእጅ አይለይ።

የእነሱም ክረምት እንደኛው ነው፤ ከሐምሌ እስከ መስከረም አጋማሽ ገደማ ዋና ዋናዎቹ ዞኖች ይዘጋሉ፤ የኮርቤቱ ዲካላ ግን ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ኅዳር መጀመሪያ ዝግ ነው። ታይገር በብዛት የሚታየው ውኃው ሲደርቅ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ነው፤ ያኔ ግን ራንታምቦር ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ አረጋዊ ይዞ አይሞከርም። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ይመቻል፣ ታይገሩን ግን በብዙ ፍለጋ ነው የምታገኙት። ቲኬት ላይ 6:00 ካለ በእኛ የንጋቱ 12 ሰዓት ነው፤ አንድ ወዳጄ በዚህ የተነሳ የመጀመሪያው ሳፋሪው አምልጦታል።

ሰሜን ተራሮች ላይ ከስካውት ጋር ጭላዳው መሃል በእግር እንደምንሄደው ግን አይታሰብ። ከመኪና መውረድ ክልክል ነው፣ ለሽንትም ቢሆን የተወሰነ ቦታ አለው።

ጾም ላይ ከሆናችሁ «ቬጅ» የሚለው አያዘናጋችሁ። ሥጋ የለውም ማለት እንጂ ቅቤና ወተት የለውም ማለት አይደለም፤ ምስሩ ራሱ በቅቤ የተቁላላ ሊሆን ይችላል። «ጊ የለበትም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ጊ የሚሉት የነጠረ ቅቤ ነው። በጥር ከሄዳችሁ ደግሞ ጋቢ ያዙ። ክፍት ጂፕ ላይ በንጋት የሚነፍሰው ብርድ የደብረ ብርሃንን ያስንቃል፤ እኔ ሎጁ ያዋሰኝን ብርድ ልብስ ተከናንቤ ነው የወጣሁት።