የድሮ ዳንቴል ንድፍ የሚቀዳው የገበያው ሱቅ፦ ሥራችሁ ግሩም ነው፣ ማኅተሙን ግን አንሱልን

እናቴ ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ በምትሠራበት ዘመን ከባልደረባዋ ያገኘቻቸው ስድስት የዳንቴል ንድፍ ገጾች አሉኝ። ወረቀቱ ቡናማ ሆኖ ጠርዙ እንደ ድርቆሽ ይሰባበራል። ሳይጠፉብኝ ላስቀዳቸው ብዬ ሦስት ፎቶ ኮፒ ቤት ዞርኩ፤ ሁሉም ያወጡልኝ ጥቁር ልጥፍልጥፍ ነው። ቀለበቱ ከቀለበቱ ተጣብቆ የቱ አልቆ የቱ እንደሚጀምር አይለይም። በመጨረሻ ከትልቁ ገበያ ጀርባ ክርና ኪሮሽ ከምትሸጥ አንዲት ጠባብ ሱቅ ደረስኩ።

ባንኮኒው ላይ ያለችው ልጅ ቸኩላ አልተቀበለችኝም። መስታወቱን ወለወለች፣ ገጹን አስተኛች፣ የጀርባው ጽሑፍ እንዳያሳልፍ ጥቁር ወረቀት ደረበችበት። የወጣው ቅጂ ላይ ጣቴን አስኬድኩ፤ አምስት ቀለበት፣ ክፍተት፣ ደግሞ አምስት። ሃያ ዓመት ዳንቴል ስሠራ ያንን ጠርዝ እንዲህ ጥርት ብሎ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ ጠየቀችኝ፦ «እትዬ፣ ይሄን የሣለው ማን ነው?»

ኅዳጉ ላይ የፈረንሳዩ ክር ፋብሪካ የዲኤምሲ ስም አለ። ገጾቹ የመጡት ቴሬዝ ዴ ዲልሞንት እ.ኤ.አ. በ1886 ካወጣችው የእጅ ሥራ መጽሐፍ ነው። ሴትዮዋ ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1890 ነው። በእኛ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የሚቆየው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ 50 ዓመት ነው፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች 70 ነው። በየትኛውም ብንቆጥረው ድሮ አልፏል። ማንም ይቅዳው፣ ማንም ይሽጠው።

ሁለተኛው ወረቀቴ ግን ሌላ ነበር። አዲስ አበባ ካለች ሠሪ በቴሌግራም የገዛሁት የሶፋ ልብስ ንድፍ ነው፤ ለማስተምራቸው ልጆች 12 ቅጂ ፈለግኩ። ልጅቷ «ለራስዎ አንድ ላውጣልዎት፣ ለተማሪዎቹ ግን የንድፉን ባለቤት ያስፈቅዱ» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር ከፋኝ፤ ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት ነው። ማታ ላይ ሳስበው ግን እኔ የገዛሁት ወረቀቱን እንጂ የማባዛት መብቱን አልነበረም። ደወልኩላት፤ በ200 ብር ደስ ብሏት ፈቀደች። አሠራሩን፣ ማለትም እጃችን የሚያውቀውን ዘዴ፣ ማንም የኔ ነው ሊለው አይችልም፤ ሕጉም ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም። የሚጠብቀው እሷ የሣለችውንና የጻፈችውን ነው።

እንዲህ ጠንቃቃ የሆነ ሱቅ ታዲያ እኔን ያሳዘነኝ ግድግዳው ላይ በተሰቀሉት ቅጂዎች ነው። የዲልሞንት ገጾች በላስቲክ ተለብደው በ60 ብር ይሸጣሉ። ዋጋው አይከብድም። ነገር ግን በእያንዳንዱ ሥር የሱቁ ማኅተም አለ፦ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው»። ባለቤቱን «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የእርስዎ አይደለም» አልኳቸው። እሳቸውም እድፉን ነጥብ በነጥብ ያጸዱት ራሳቸው መሆናቸውን ነገሩኝ። ድካማቸውን አከብራለሁ፣ 60 ብሩም ይገባቸዋል። ግን ማጽዳት መሣል አይደለም። ያንን ማኅተም ያየች ጀማሪ ልጅ የሁሉም የሆነውን ንድፍ ፈርታ ትተወዋለች።

የእሳቸው የሆነ ሥራ ደግሞ አላቸው፤ ያውም የሚያምር። የጣና ገዳማትን የብራና መጻሕፍት ሐረግ፣ ማለትም ገጹን የሚያስጌጠውን ጥምዝ ጌጥ፣ አይተው ለመሶብ ልብስ ወደ ካሬ ካሬ ንድፍ ቀይረውታል፤ የትኛው ካሬ ይሞላ፣ የትኛው ባዶ ይቅር የሚለውን የወሰኑት እሳቸው ናቸው። ጥምዙ ማዕዘኑ ላይ ሲታጠፍ ክር ሳይቆረጥ ያልፋል፤ ይህን ለማግኘት ስንት ጊዜ እንደተረተረ የሠራ ያውቀዋል። እዚያ ላይ ማኅተማቸው ይገባል፤ እኔም ገዝቻለሁ፣ ሳላስፈቅድ ለማንም አላባዛም። ሐረጉ ራሱ ግን የማንም ስላልሆነ ነገ እኔም ከብራናው አይቼ የራሴን ባወጣ አይከለክሉኝም።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ማኅተሙ አሁንም አለ። «አስብበታለሁ» ብለውኛል። ለመቅዳት የምትሄዱ ጠዋት ሂዱ፤ ከሰዓት መብራት ከጠፋ ማሽኑ አይሠራም። 20 ቁጥር ነጭ ክር ሁልጊዜ አላቸው፤ ቀጭን ኪሮሽ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው።