ዊንዶውስ 7 በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ፦ የስምንት ወር ልምዴ

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ናቸው። የአባላት መዝገብ፣ የወር መዋጮ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነው። የሚሠሩት በሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነው። አንዱ ቤት ያለው ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ኮር 2 ዱዎ ኢ8400፣ ራሙ (ፕሮግራሞች ሲሠሩ የሚጠቀሙበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 2 ጊጋ። ሌላዋ ወደ ስብሰባ ይዘዋት የሚሄዱት ሚኒ ላፕቶፕ ናት፤ አተም ኤን450፣ 1 ጊጋ ራም። አዲስ መግዛት ለጊዜው አይታሰብም። ስለዚህ ካለፈው ጥቅምት ጀምሮ ለእነዚህ ማሽኖች የሚሆነው የትኛው ዊንዶውስ 7 እንደሆነ እየጫንኩ ስፈትሽ ቆየሁ።

ለምን 7? ዋናው ምክንያት አማርኛ ነው። ኤክስፒ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ሌላ ፕሮግራም መጫን ግድ ነበር። ከቪስታ ጀምሮ ግን ኒያላ የሚባለው ፎንትና የአማርኛ ኪቦርድ ከዊንዶውሱ ጋር አብረው ይመጣሉ። ኪቦርዱን አንዴ ከኮንትሮል ፓነል መጨመር ነው፤ ከዚያ አልትና ሺፍት ሲጫኑ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይቀየራል። አባቴ ይህን በአንድ ቀን ለመዱት። ዊንዶውስ 10ንም በዴስክቶፑ አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ሞክሬው ነበር። ጠዋት ከተከፈተ በኋላ ለረጅም ጊዜ ስታክ ያደርጋል፤ አባቴ ቡናቸውን ጠጥተው እስኪጨርሱ ኤክሴል አልተከፈተም። ከኮምፒውተሩ አስወገድኩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙ ሰው ኮምፒውተር ሲያስጭን «አልቲሜት ጫንልኝ» ይላል፤ ትልቁን የዊንዶውስ 7 ዓይነት ማለቱ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ስሙ ትልቅ ስለሆነ ፈጣን ይመስላል። ነገር ግን የመጫኛው ዲስክ ውስጥ ሌሎቹ ዓይነቶች፣ ሆም ፕሪሚየሙም፣ ፕሮፌሽናሉም፣ አልቲሜቱም አብረው አሉ። የሚለያዩት የትኛው ነገር ተከፍቶ የትኛው እንደተዘጋ ነው። አልቲሜት ላይ ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው ቢትሎከር አለ፣ የብዙ አገር ቋንቋዎች ሙሉ ፓኬጅ መጫን ይቻላል። ለእድር መዝገብ ሁለቱም አያስፈልጉም። አማርኛው ገጽታ ራሱ ለየት ባለ ትንሽ ፓኬጅ የተዘጋጀ ስለነበር አልቲሜትን አይጠይቅም። ፍጥነት ላይ ደግሞ በአልቲሜትና በፕሮፌሽናል መካከል በዓይኔ ያየሁት ልዩነት የለም።

ልዩነቱን ያየሁት በ32 ቢትና በ64 ቢት መካከል ነው። እያንዳንዱ ዓይነት በእነዚህ ሁለት መልኮች ይመጣል፤ 64 ቢቱ ብዙ ራም መጠቀም ይችላል፣ ራሱም ብዙ ራም ይፈልጋል። መጀመሪያ ዴስክቶፑ ላይ አልቲሜት 64 ቢት ጫንኩ። የፈቃድ ቁልፍ ሳይገባበት ለ30 ቀን ስለሚሠራ ለሙከራ በቂ ነበር። በ2 ጊጋ ራም ብራውዘርና ኤክሴል አብረው ሲከፈቱ ሃርድ ዲስኩ መንጫጫት ይጀምራል። ራሙ ሲሞላ ዊንዶውሱ የተረፈውን ወደ ሃርድ ዲስክ ስለሚያዛውር ነው። ከዚያ የባሰው ፕሪንተሩ ነበር። ፕሪንተራችን የ32 ቢት ድራይቨር (ዊንዶውሱን ከፕሪንተሩ ጋር የሚያግባባ ፕሮግራም) ብቻ ነው ያለው፣ 64 ቢቱ ደግሞ የራሱን ድራይቨር ይፈልጋል። አባቴ የመዋጮ ዝርዝሩን ለማሳተም ለሦስት ሳምንት ፍላሽ ይዘው ፎቶ ኮፒ ቤት ተመላለሱ።

ከፍላሹ ጋር ቫይረስ መጣ። አቃፊዎቹ ሁሉ ሾርትከት (ወደ ሌላ ፋይል የሚመራ አቋራጭ) ሆኑ። እሳቸው የሁለት ዓመት መዝገብ የጠፋ መስሏቸው ፊታቸው ተለዋወጠ። ፋይሎቹ ግን ተደብቀው ነበር እንጂ አልጠፉም፤ አትሪብ በሚባለው ትእዛዝ መለስኳቸው። ከዚያን ቀን ወዲህ የፋይል ቅጥያ (የፋይሉን ዓይነት የሚናገረው፣ እንደ .exe ያለው የስሙ መጨረሻ) እንዲታይ አድርጌዋለሁ። ዊንዶውስ 7 ሲጫን ቅጥያውን ይደብቃል፣ የአቃፊ ምስል የለበሰ ፕሮግራም የሚያታልለውም በዚሁ ነው። ይህን ማስተካከያ ማንም ሰው በመጀመሪያው ቀን ቢያደርገው ደስ ይለኛል።

ታኅሣሥ ላይ ወደ ፕሮፌሽናል 32 ቢት ተመለስኩ። የፕሮፌሽናሉ ቁልፍ ኮምፒውተሩ ጎን ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ያው ቁልፍ ለ32ም ለ64ም ይሠራል። ፕሪንተሩ ወዲያው ሠራ። ራሙም ትንሽ ተነፈሰ።

እውነተኛው ለውጥ የመጣው ግን የካቲት ላይ ነው። 120 ጊጋ ኤስኤስዲ (ከሃርድ ዲስክ የሚፈጥን ማስቀመጫ) ገዛሁ። ከመጫኔ በፊት የኮምፒውተሩ መነሻ ማስተካከያ ወደሆነው ባዮስ ገብቼ፣ ዲስኩ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኝበትን ኤኤችሲአይ የሚባል ዘዴ መረጥኩ። ዊንዶውስ 7 ኤስኤስዲን ያውቃል፤ ኤክስፒ ግን ትሪም የሚባለውን የማጽጃ ሥራ አይችልም። ከሁለት ደቂቃ በላይ ይፈጅ የነበረው መክፈቻ ወደ 35 ሰከንድ ወረደ። አባቴ «ሌላ ኮምፒውተር አመጣህ እንዴ?» አሉኝ። ራሙንም 4 ጊጋ አደረግሁት። 32 ቢቱ ከዚያ ውስጥ የሚጠቀመው 3 ጊጋ እና ትንሽ ብቻ ነው። የፕሪንተሩ ጉዳይ ባይኖር ኖሮ 4 ጊጋ ላይ 64 ቢት እጭን ነበር። 2 ጊጋ ላላችሁ ግን 32 ቢት ይሻላችኋል።

መብራት በሄደ ቁጥር አንድ ችግር ነበር። የማዘርቦርዱ ባትሪ ስለሞተ ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ቀኑ ሲሳሳት ድረ ገጾች የደኅንነት ማስጠንቀቂያ እያሳዩ አንከፈትም ይላሉ። ኢንተርኔቱ የተበላሸ መስሎኝ ስንት ቀን ለፋሁ። ሲአር2032 የምትባለውን ክብ ባትሪ ስቀይር ተስተካከለ።

ደኅንነት ላይ ልቤ አያርፍም። የዊንዶውስ 7 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2020 አብቅቷል። ክሮም 109 ላይ ቆሟል። የፋየርፎክስም የመጨረሻው 115 ነው። ስለዚህ በዚህ ኮምፒውተር የባንክ ሥራ አንሠራም፣ የይለፍ ቃልም አናስቀምጥም። መዝገቡ በየሳምንቱ እሑድ በሁለት ፍላሽ ይገለበጣል፤ አንዱ ፍላሽ ከቤት ውጭ፣ ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር ይቀመጣል። ለኢንተርኔት ብቻ ኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው 7ን እንዲጭን አልመክርም።

ሚኒ ላፕቶፗ ላይ አብሯት የመጣውን ስታርተር፣ ትንሹን የዊንዶውስ 7 ዓይነት፣ አልነካሁትም። እስከ 2 ጊጋ ራም ብቻ ነው የሚቀበለው፣ የመስታወት መልክ ያለው ኤሮም የለውም። ኤክሴል ብቻ ሲከፈት ግን ትሠራለች፣ አማርኛ ኪቦርዱም ሙሉ ነው። አባቴን ያስከፋቸው ሌላ ነገር ነው። ስታርተር የጀርባውን ምስል መቀየር አይፈቅድም። እሳቸው የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ማድረግ ፈልገው ነበር። ፎቶዋን አሳጥበው ከኪቦርዱ አጠገብ፣ መዳፋቸው በሚያርፍበት በኩል ለጥፈዋታል።